በረዶው ባሕር ሲደርስ

ሰኞ፣ ሜይ 4። ከሰዓት በኋላ

አፌ ውስጥ ስፒል፣ እጄ ላይ የእትዬ አልማዝ ቀሚስ። እሳቸው ወንበር ላይ ቆመው ትንሽ ወደ ላይ፣ ኧረ ትንሽ ወደ ታች ይሉኛል። ከልብስ ስፌት ሱቄ ቀጥሎ ያለው የበርበሬና የቅመም ሱቅ የሳቸው ነው፤ ደንበኛም ጎረቤትም ስለሆኑ በሁለት በኩል ያዙኝ። ጉሙ እስካሁን ከፌርፋክስ መንገድ አልተነሳም። ሜይ ሲገባ ባሕሩ በየማለዳው ጉም ይልክብናል፤ ዛሬ ቀትርም አልፎ እንደተኛ ነው። ከመስኮቱ ማዶ የመኪኖቹ ድምፅ ብቻ ይመጣል። መብራት አብርቼ እሰፋለሁ።

ሐያት ገባች። ልጄ። እዚህ ተወልዳ እዚህ ያደገች፣ ዩኒ. ገብታ በረዶ የምታጠና። ሰው ሲጠይቀኝ ሳይንስ ነው ብዬ አልፋለሁ። በረዶ ስል ይስቁብኛል፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በረዶ ያለው ብርጭቆ ውስጥ ነው ይላሉ።

ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ነጭ ግድግዳ። ሰማያዊም አለበት። ከሥሩ ባሕር። ግድግዳው ዝም ብሎ ቆሟል፣ ቆሟል፣ ከዚያ አንድ ወገኑ ሸርተት አለ። ያለ ድምፅ። ቀስ ብሎ፣ የደከመው ሰው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ። ውሃው ወደ ሰማይ ተነሳ። ድምፁ ኋላ መጣ፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ፣ ጉርርር ብሎ። ካሜራው ሩቅ ስለሆነ ነው አለች፤ ዓይን ቀድሞ ያያል፣ ጆሮ ዘግይቶ ይሰማል።

እዚያ ነው የምሄደው ማሚ አለች። አላስካ። ሜይ 24 ፍላይት፣ እስከ ኦገስት መጨረሻ። ፕሮፌሰሯ ከተማሪው ሁሉ እሷን መርጣለች። አረፋ ደርሶ ሳይውል፣ በዓሉን እንኳ ሳትጨርስልኝ።

እትዬ አልማዝ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ፊቴን ሲያዩ ተዉት። ስፒል በአፉ ይዞ ማን ያወራል። ሐ. ጠበቀች። እኔ ከትራሱ ሌላ ስፒል ነቅዬ አፌ ውስጥ ጨመርኩ።

ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ያ ግድግዳ ዓይኔ ላይ ነው። ካውያ ሳሞቅ፣ ክር ሳስገባ። ያምራል፣ አልዋሽሽም ደብተሬ። እንዲህ የሚያምር ነገር ሲወድቅ አይቼ አላውቅም። ቀሚሱ በአንድ በኩል አጥሮ ወጣ። ነገ ፈትቼ እሰፋዋለሁ።

ረቡዕ፣ ሜይ 6። ከእራት በኋላ

ሰይድ ዱዓውን አደረገላት። ባሌ ነገር አያከርም፤ የኤርፖርት ቫን ነው የሚነዳው፣ ሰው መሸኘት ሥራው ነው። እንደበላን እጁን ዘረጋ፤ ሐ. ፊቱ በርከክ አለች። አላህ በሰላም ያድርስሽ፣ በሰላም ይመልስሽ፣ ከክፉ ነገር ይሰውርሽ። አሚን፣ አሚን። እኔ ኩሽና ውስጥ ድስት እፈትጋለሁ። የታጠበ ድስት።

በኛ በወሎ መንገደኛ ዝም ብሎ ከቤት አይወጣም። አባት ዱዓ ያደርጋል፣ ቀጥሎ እናት። የናት መጨረሻ ነው፤ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው። ሐ. እዚህ ብትወለድም ይሄን ከኔ ተምራለች። ለፈተና እንኳ ዱዓዬን ሳትቀበል ወጥታ አታውቅም። የፈተና ሲሆን ደስ ብሎኝ አደርጋለሁ። የመንገድ ሲሆን አልችልም።

ላንቺ ልንገርሽ። ታናሽ ወንድሜ ኢድሪስ ከደሴ ሲወጣ ወላጆቻችን አልፈው ነበር። ዱዓውን ያደረግኩለት እኔ ነኝ። በራችን ላይ፣ በጠዋት። ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። እጁን ዘርግቶ አሚን አለኝ፣ እየሳቀ። ጀልባዋ ተነሳች የሚል ወሬ መጣ። ደረሰች የሚል አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ለመንገደኛ እጄን ዘርግቼ አላውቅም። ሰ. በየቀኑ ሲወጣ ቁልፍህን ይዘሃል ወይ ነው የምለው። እሱም ለምዶታል።

ዱዓ ሰው አይገድልም። ይሄን አውቃለሁ፤ የኢማን ማነስ ነው የሚለኝም ቢኖር አልከራከርም። ግን ባሕር የሚባል ነገር ሲነሳ እጄ ከጭኔ ላይ አልነሳም ይለኛል።

ሐ. ከሰ. ፊት ተነስታ ወደ ኩሽና መጣች። ፎጣ አንስታ ድስቱን አደራረቀችልኝ። ቆመች። እኔ የቧንቧውን ውሃ ጨመርኩ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 9

ሱቁን በግማሽ ቀን ዘግቼ ከሐ. ጋር በባቡር ሳንታ ሞኒካ ወረድን። ባሕሩ አይታይም፣ ጉም ነው። የሚመጣውን ውሃ ብቻ ነው የምናየው፤ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ጫማ አውልቀን አሸዋው ላይ ተቀመጥን። ሐ. ታወራለች። ግማሹን ሰማሁ፣ ግማሹን አለምኩ።

ተራራ ላይ በረዶ ይጥላል። ሳይቀልጥ ሌላ ይጥልበታል። ዓመት በዓመት፣ ሰው ከሚያስታውሰው ዘመን በላይ። የታችኛው በላይኛው ክብደት እየተጠቀጠቀ ድንጋይ የመሰለ ግግር ይሆናል። ከዚያ ይሄዳል አለች። በረዶ ይሄዳል? አልኳት። ይሄዳል፤ በራሱ ክብደት፣ እንደ ሊጥ እየተሳበ፣ ሸለቆውን ይዞ ይወርዳል። ቆመሽ ብታዪው አይታወቅሽም። ሸለቆው የሚያልቀው ባሕር ላይ ከሆነ እሱም ባሕሩ ውስጥ ይገባል። ታች መሬቱን ረግጦ፣ ፊቱን ለውሃው ሰጥቶ ይቆማል።

ታዲያ ለምን ይወድቃል አልኳት። የሹራቧን ጫፍ ያዘች። ጨርቅ ስትቀድጂ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ ማሚ? ጫፉን በመቀስ ነካ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ በሁለት እጄ ስስበው ራሱ ይሄዳል። እሱ ነው አለች። ባሕሩ አጠገብ ሲደርስ ፊት ያለው ይፈጥናል፣ ኋላ ያለው ይዘገያል። ሲሳብ ይሰነጠቃል። በጋ ላይ የቀለጠው ውሃ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ወደ ታች ያሰፋዋል። ከሥር ደግሞ ባሕሩ አለ፤ የባሕሩ ውሃ ከበረዶው ስለሚሞቅ እግሩን እየላሰ ይቦረቡረዋል። ከላይ የተሰነጠቀ፣ ከታች የተቦረቦረ። ሶ፣ አንድ ቀን ያ ቁራጭ ይለቃል። ከዚያ በኋላ ተንሳፋፊ ነው፣ አይስበርግ። ይገለባበጣል፣ ይቀልጣል፣ ውሃው ወደወሰደው ይሄዳል። የባሕር እንስሳም፣ ሲል የሚሉት፣ ልጁን ይዞ ይተኛበታል።

ፈረንጆቹ ይሄን ወለደ ይሉታል አለች፣ ላም እንደምትወልደው። እንደዚያ እየጮኸች ስትወልድ ያየሁት እኔን ብቻ ነው አልኳት። ሐ. ሳቀች፤ ስትስቅ በአፍንጫዋ ነው፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ።

ተነስቼ ውሃው ጫፍ ላይ ቆምኩ፤ ሞገዱ መጥቶ ሲመለስ ከተረከዜ ሥር አሸዋውን ይወስዳል። ትንሽ ይወስዳል፣ ደግሞ ትንሽ። ከላይ ስታዪኝ ዝም ብዬ ቆሜያለሁ፤ እግሬ ግን እየሰመጠ ነው። በርዶኛል፣ ተነሺ እንሂድ አልኳት። አልበረደኝም ነበር።

ሰኞ፣ ሜይ 11

ሥራ የለም። ጉም። ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ቀድቼ በረዶ ጣል አደረግኩበት። ቀጭ አለ፣ ተሰነጠቀ። ከውሃው በላይ የሚታየው ትንሽ ነው፤ ብዙው ከታች ነው። አገላበጥኩት፣ ተገልብጦ ሌላ ጎኑን አሳየኝ። እንዲሁ ሳየው ቆየሁ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰውዬ ብርጭቆውን አይቶ ፆመኛ ነሽ እንዴ፣ ለምን አትጠጪውም አለኝ።

ረቡዕ፣ ሜይ 13

ትሂድ አላልኩም፣ ደብተሬ። ግን ብትሄድ ብርድ እንዳይገድልብኝ አልኩ። እትዬ አልማዝ ሱቅ ካለው ጋቢ ሁሉ ወፍራሙን መረጥኩ፤ በእጅ የተፈተለ፣ ሞላ ያለ፣ ኮረሪማ የሚሸት። ጫፉን ደግሜ በእጄ ሰፋሁት። ጥጉ ላይ ስሟን በነጭ ክር ጻፍኩ፤ ነጭ በነጭ ላይ፣ ፈልጎ ያገኘ ብቻ የሚያየው። ዱዓውን በአፌ ማለት ስላቃተኝ በመርፌ ልልላት ነበር። ይሄን ላንቺ ብቻ ነው የምናገረው።

ማታ ሰጠኋት። ደረበችው፣ ዞረች፣ አቀፈችኝ። ሰ. ሙሽራ መሰልሽ አላት። ስሟን ያገኘችው አይመስለኝም። ቢሆንም ደስ ብሎኛል።

ሐሙስ፣ ሜይ 14። ጠዋት

ጋቢው ወንበሩ ላይ ታጥፏል። በደንብ ታጥፏል፤ ሰው የሚመልሰውን ዕቃ ነው እንደዚያ የሚያጥፈው። ሐ. ሻንጣዋ አጠገብ ቆማለች፣ ዓይኗ ወለሉ ላይ። ጥጥ አይፈቀድም አለች። ካልሲ እንኳ፣ ካናቴራ እንኳ። ጥጥ ውሃ ከያዘ አይለቅም፤ ገላሽ ያሞቀውን ሁሉ ይጠጣዋል። እዚያ ደግሞ ዝናቡ አያባራም። እርጥብ ጥጥ ለብሶ የተቀመጠ ሰው በብርድ ይሞታል። ፕ/ሯ ከመነሳታቸው በፊት የሁሉንም ቦርሳ ከፍታ ታያለች።

ጋቢ ገዳይ ሆነ በይኛ። ያን ሁሉ ሕዝብ ያሞቀ ጋቢ። ተናደድኩ። ከፋኝ፣ ተናደድኩም። ካልፈለግሽው ተይው፣ እንዲያውም አትሂጂ አልኳት። አፌ አመለጠኝ።

ሐ. አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ያለ ዱዓሽ አልሄድም አለች። የመጨረሻ መልሴን ለፕ/ሯ የምሰጠው ዓርብ፣ ሜይ 22 ነው። እስከዚያ ካላደረግሽልኝ እቀራለሁ፤ ቦታዬን ለሌላ ተማሪ ትሰጠዋለች። ይሄን ብላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።

ጋቢው ጭኔ ላይ ነው። ዝም ካልኩ ልጄ ትቀራለች። መለመን የለ፣ መጣላት የለ። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ፣ እሱን ደግሞ እችልበታለሁ።

ዓርብ፣ ሜይ 15

ለእትዬ አልማዝ ነገርኳቸው። እጃቸው በርበሬ ውስጥ እንዳለ ዝም በይ አሉኝ። ባሕርና ድብ ካለበት አገር ልጅ አይላክም፤ በረዶ ልታይ ነው እንዴ እናቷ እዚህ ድረስ የመጣችው። እኔ ብሆን ፓስፖርቷን ሽሮ ጆንያ ውስጥ ነው የምቀብረው አሉ። ለአላስካ ፓስፖርት አያስፈልግም አልኳቸው። ኦኬ፣ እንግዲያው ጫማዋን አሉ። ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ሁለታችንም ወደየሱቃችን ገባን።

ቅዳሜ፣ ሜይ 16

ሐ. ሻንጣዋን ከበሩ አጠገብ አንስታ ክፍሏ አስገባችው። ቤት ዋለች። ሩዝ አበሰለች፣ መስኮት ጠረገች። ጠዋት ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልክድሽም። ልጄ ሶፋው ላይ ናት፣ ማንም አይወስዳትም እያልኩ ሻይ ጠጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ግን ማሚ ምን ላግዝሽ አለችኝ። ቆይታ ደግማ ጠየቀችኝ። እንግዳ ነው እንዲህ የሚለው። ሰ. ሊያስቃት ሞከረ፤ በአፏ ሳቀችለት። የአፍንጫዋ ሳቅ የለም።

እሑድ፣ ሜይ 17

ትናንት በሕልሜ በረዶው ፌርፋክስ ላይ መጣ። ከኦሎምፒክ መንገድ በኩል፣ ቀስ ብሎ፣ ከሱቆቹ ጣሪያ በላይ፣ ነጭ። ማንም አልሸሸም። እትዬ አልማዝ ብቻ ወንበራቸውን ከመንገዱ አነሱለት። ፒኮ መንገድ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ እዚያ ባሕር ነበር። ኢድሪስ ጫፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል። ውረድ አልኩት። ያየኛል፣ አይሰማኝም። ድምፄ ገና መንገድ ላይ ነው አልኩ በሕልሜ፣ ኋላ ይደርሰዋል።

ሰ. ፊቴን አይቶ ነዪ ልንሸራሸር አለኝ። ባልድዊን ሂልስ ኮረብታ ላይ ወጣን፣ ፓርክ አደረገ። ከላይ ስናይ ከተማው የለም። ጉሙ ከባሕሩ ተነስቶ እስከ ኮረብታው ሥር ተኝቷል፣ ነጭ፣ ዝም ያለ። እዚያ ታች ሰዎች መኪና እያስነሱ ነው፣ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ቤታችን ውስጥ ልጃችን ተኝታለች፣ ከላይ ግን ምንም የለም።

ሰ. ስለ ሐ. አላነሳም። ብዙ ቆይቶ፣ ኤርፖርት የማደርሳቸው እናቶች ልጆቻቸውን ሲሸኙ ያለቅሳሉ አለኝ፤ እኔ በመስታወቱ አያቸዋለሁ፣ ልጆቹም ያለቅሳሉ፣ ግን ይገባሉ። ጉሙ መሳሳት ሲጀምር ወረድን።

ማክሰኞ፣ ሜይ 19

ሐ. ምሳ ይዛልኝ ሱቅ መጣች። ልትታረቀኝ ነው፤ እኔም ልታረቃት እፈልጋለሁ። ስልኳን ከፍታ አንድ ድምፅ አሰማችኝ። ትኩስ ዘይት ላይ ሽንኩርት ጣል ስታደርጊ የሚለውን ይላል፣ ችስስስ፣ ጠብ፣ ጠብ። ተንሳፋፊው በረዶ ነው አለች። በረዶው ሲጋገር ውስጡ አየር ተይዞ ቀርቷል፤ ያኔ የነበረ ሰው የተነፈሰው አየር። ሲቀልጥ እየፈነዳ ይወጣል። ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። አሳዛኝ ድምፅ አይደለም።

ሲሰበርበት ይጎዳዋል ወይ አልኳት። መሰበሩ በሽታው አይደለም አለች። ከላይ በየክረምቱ አዲስ ይጥላል፤ የጣለው ሁሉ ወደ ታች ይመጣል፣ መሄጃ ይፈልጋል። ከላይ የገባውን ያህል ከታች ከለቀቀ ደህና ነው፣ ባለበት ይቆማል። ችግሩ አየሩም ባሕሩም ሞቆ የሚለቀው ከሚገባው ሲበልጥ ነው፤ ያኔ ወደ ኋላ እየሸሸ ያልቃል። የምትሄደው ይህን ለማወቅ ነው። ካሜራ ይተክላሉ፤ መቼ ወደቀ፣ ምን ያህል ወደቀ፣ ውሃው ስንት ሞቀ። ስታወራ ፊቷ በራ። ከሐሙስ ወዲህ ያንን ፊት አላየሁትም ነበር፣ ናፍቆኛል።

የት ነው የምትተኙት? ከበረዶው ማዶ፣ ድንጋይ ላይ፣ ድንኳን። ቁራጩ ሲወድቅ ማዕበል ስለሚያስነሳ ከፍ ያለ ቦታ። ድብስ? አለ፤ በኤሌክትሪክ አጥር ይታጠራል። በምንድን ነው የምትደርሱት? ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ከዚያ በጀልባ አለች፣ ቀስ ብላ።

ያኔ ነገርኳት። ኢድሪስ መጥፋቱን ታውቃለች፤ ማን ዱዓ እንዳደረገለት አታውቅም ነበር። በሩን፣ ጠዋቱን፣ ሳቁን፣ ሁሉንም ነገርኳት። እጄን ያዘች። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አላለችኝም፤ እሱን ሰ. ሁሌ ይለኛል። እሷ ሌላ ጠየቀች። ሲወጣ ምን ለብሶ ነበር? ስስ ሸሚዝ አልኳት። በረሃው ይሞቃል ብሎ ባናውን ጥሎልኝ ሄደ። ባና ምንድን ነው? ከበግ ፀጉር የሚሠራ፣ የደጋ ሰው ለብርድ የሚደርበው፤ አልጋዬ ሥር ሻንጣ ውስጥ አለ።

ሐ. ቀና አለች። የበግ ፀጉር? ሱፍ ነው ማለት ነው? ሱፍ እርጥብም ሆኖ ያሞቃል ማሚ፣ ልበሱ የሚሉን እሱን ነው። ይሄን ካለች በኋላ ከንፈሯን ነከሰች፣ ስጪኝ ያለችኝ እንዳይመስልባት። ምሳውን በላን። ባናውን አልጠየቀችኝም፣ ዱዓውንም።

ረቡዕ፣ ሜይ 20

ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎተትኩት። ባናው ቡናማ ነው፣ ይኮሰኩሳል። ብል አልበላውም፤ በየዓመቱ ፀሐይ አሰጣዋለሁ። ሽታው የኢድሪስ ነው እላለሁ፤ እውነቱ የበግ ሽታ ነው። አንዲት ክር መዝዤበት አላውቅም። ሲመጣ ይበርደዋል፣ ይጠይቀኛል ብዬ።

ሰው አላምንም፣ ታውቂኛለሽ። የጋቢውንና የባናውን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነከርኩ፣ ጨመቅኩ። አንዱን በግራ ክንዴ፣ አንዱን በቀኝ ክንዴ ጠቅልዬ ቬንትሌተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ሰ. ገብቶ ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ሳይንስ ነው አልኩት። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ጋቢው በረደ፣ ክንዴ እስኪደነዝዝ። ባናውም መጀመሪያ ቀዝቅዞ ነበር፤ ቆይቶ ለብ አለ። እርጥብ ነው፣ ግን ለብ ብሏል። ልጄ ልክ ናት፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጋቢዬን ግን አልሰድበውም፤ ፀሐይ ላለው አገር ነው የተሠራው።

ይሄ ባና አንድ ጥሩ ሰደርያ ይወጣዋል። ከሹራብ ላይ፣ ከዝናብ ጃኬት ሥር። ልኳን ሳልለካት አውቀዋለሁ። ግን ከቆረጥኩት ኢድሪስ አይመጣም ማለቴ ነው። ይሄው ጻፍኩት። ካልቆረጥኩት ደግሞ ሐ. ትቀርልኛለች፣ መስኮት እየጠረገች፣ ምን ላግዝሽ እያለች።

ሐሙስ፣ ሜይ 21

መቀሱን አሳልኩት። አልቆረጥኩም።

ለአረፋ ልብስ የሚያሰፉ ሰዎች እየገቡ ይወጣሉ። ሁሉም ልጅሽ ደህና ናት? ይላሉ። ደህና ናት እላለሁ።

ዓርብ፣ ሜይ 22

ሱቁን ሳልከፍት በማለዳ ከውስጥ ቆለፍኩ። ባናውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፣ ጠረጴዛውን ሞልቶ ተረፈ። በጠመኔ ጀርባውን አሰመርኩ፣ ፊት ግራውን፣ ፊት ቀኙን። ቢስሚላህ አልኩ። ይሄ እንደ ጥጥ አይደለም፤ ጫፉን ነክተሽ ብትስቢው አይሄድልሽም። እስከ መጨረሻው በመቀስ ነው፣ እያንዳንዷን በእጅሽ። ጉልበት ይፈልጋል። አውራ ጣቴ አሁንም ያመኛል።

የጀርባው ቁራጭ ከትልቁ ተለየ። በራሱ ክብደት ሸርተት ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ያለ ድምፅ። አየሁት። ምንም አልተሰማኝም። የፊቱን ቆርጬ፣ ጠመኔውን አራግፌ፣ ክር መርጬ፣ ከዚያ ነው የደረሰኝ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አላህ ይዘንለት አልኩ። እስከ ዛሬ አላህ ያምጣው ነበር የምለው። ለሞተ ሰው የሚደረገውን ዱዓ አደረግኩለት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በደንብ፣ እስከ መጨረሻው። ጉሙ መስኮቱ ላይ እንደተለጠፈ ነው። እትዬ አልማዝ በሩን አንኳኩ፤ አልከፈትኩም፣ እሳቸውም አልደገሙም።

ገበሩን ሰማያዊ አደረግኩለት፣ እንዳይኮሰኩሳት። ጥጥ አለመሆኑን ደጋግሜ አየሁ።

ከጁምዓ በኋላ ሐ. መጣች፤ ከፈትኩላት። ስልኳ እጇ ላይ ነው፣ ለፕ/ሯ መልስ የምትጽፍበት ቀን ነው። ወለሉ ላይ የወደቀውን ቁርጥራጭ አየች፣ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን አየች፣ እኔን አየችኝ። ሰደርያውን አለበስኳት። ወገቧ ላይ ሰፋ ብሏል። አፌን ስፒል ሞልቼ ጎንና ጎኗን ያዝኩት። ይኮሰኩስሻል? ብዬ በዓይኔ ጠየቅኳት፤ ራሷን ነቅንቃ አይ አለችኝ፣ አንገቷን እያከከች። እትዬ አልማዝ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ በሩ ላይ መጥተው ቆሙ።

ሐ. ስልኳን ከፈተች። መጻፍ ጀመረች፣ አንገቷን ደፍታ። እቀራለሁ ብላ ልትጽፍ እንደሆነ ከፊቷ አወቅኩት።

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፌ አውጥቼ ትራሱ ላይ ሰካሁ። የመጨረሻውንም። አስቀምጪው አልኳት፣ እጅሽን ዘርጊ።

ስልኩን ከባናው በቀረው ላይ አስቀመጠችው። ፊቴ በርከክ አለች። የኔም እጅ ከጭኔ ላይ ተነሳ። አላህ በሰላም ያድርስሽ። ጀልባው ላይ ይጠብቅሽ፣ ድንጋዩ ላይ ይጠብቅሽ፣ በረዶው ፊት ይጠብቅሽ። በሰላም ይመልስሽ። ሐ. አሚን አለች፣ አሚን። እትዬ አልማዝ ከበሩ ላይ አሜን አሉ፤ ድምፃቸው ከሁላችን በላይ ነበር። ሐ. በአፍንጫዋ ሳቀች።

ይብቃኝ ደብተሬ። ዚፑ ይቀረኛል፣ ልጄ እሑድ ትሄዳለች።